ብርድ ልብሶቹ ገና አልወረዱም

ከመንደር፣ ኅዳር 6

ለምራቴ ለጃዝጉል፤

እንዴት ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ እንዴት እንደሆንሽ ቶክቶሽ ነግሮኛል። ሚኒባሱን ደጄ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣ «እማማ ዙራካን፣ ምራትዎና ልጆቹ ቢሽኬክ ናቸው። ደኅና ናቸው። ሌላ አይጠይቁኝ» ብሎኝ እብስ አለ። እኔም ሌላ አልጠየቅሁትም። ሹፌር ሆኖ አፉን የሚዘጋ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ከሰደቃ ስመለስ ምድጃው ቀዝቅዟል፣ የኡላን ትንሿ መኪና ደፍ ላይ ተገልብጣለች፣ የቤጋይም ቦርሳ ከሚስማሩ ላይ የለም። ሳትሰናበቺኝ መሄድሽ አንጀቴን ቆርጦታል። ብትሰናበቺኝ ኖሮ ደግሞ አልለቅሽም ነበር። ይህን አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ፤ ስለዚህ ነገሩን እንተወው።

ለጎረቤት የቤጋይምን ጥርስ ልታሳክም ሄደች ብያለሁ። የቡሩል እናት መች ታምናለች፣ «ለጥርስ ሕፃኑንም ይዛ?» አለችኝ። «እሱም ሊያበቅል ነው» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ስታየኝ ጥርሷን እያሳየች ትስቃለች።

ስለ ብርድ ልብሶቹ በቶክቶሽ የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። ክፍሉ ይበርዳል አልሽ። ከተማ እኮ ሙቀት በቧንቧ ነው የሚመጣላችሁ፤ እንዴት ይበርዳል? ለማንኛውም አሁን አልችልም። የቶክቶሽ መኪና ሁልጊዜ ሙሉ ነው፣ የዶሎን ተራራ መተላለፊያም በረዶ ጀምሮታል፣ ጥጥ ደግሞ እርጥበት ከጠጣ አበቃለት። በጋ ሲሆን እናያለን።

ምን አስዋሸኝ፣ እውነቱን ልንገርሽ። እናትሽ፣ አላህ ይዘንላት፣ በእጇ የሰፋቻቸውን እነዚያን ብርድ ልብሶች ከሳጥኑ ላይ እንዴት አድርጌ ላውርድ? ምራት ስትዳር ይዛው የምትገባው ክምር አንዴ ከወረደ በኋላ ተመልሶ ሲወጣ አይቼ አላውቅም፤ አንቺም አላየሽም። ክምሩ በሩን ፊት ለፊት እያየ እስከቆመ ድረስ፣ የመጣ ሰው ሁሉ ይህ ቤት ምራት እንዳለው ያያል። እኔም ጠዋት ስነሳ አየዋለሁ።

ባልሽ ካለፈው ሐሙስ ወዲህ መጠጥ አልቀመሰም። የት እንዳላችሁ ጠይቆኛል፤ አላውቅም ብዬዋለሁ። መጋቢት ላይ ለኖሩዝ በዓል ኑልኝ። ከዚያ በፊት ብትመጡም በሩ ያው በሩ ነው።

በጨርቅ የተቋጠረው፣ ከእርጎ ያደረቅሁት ኩሩት ለኡላን ነው፣ ድዱን ይሻሽበት። ካልሲው ለቤጋይም። እግሯ አድጎ እንደሆን ብዬ ትንሽ አስፍቼዋለሁ።

ዙራካን


ከቢሽኬክ፣ ኅዳር 24

ለእማዬ፤

ከሩቅ ሆኜ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሥቻለሁ። ጉልበትዎን እንዴት አድርጎታል? ብርዱ ሲገባ እንደሚነሳብዎ አስባለሁ፣ ማታ ማታ የሚያሽልዎ ማን ይሆን እላለሁ።

ይቅር ይበሉኝ። ከቤትዎ እንደ ሌባ ነው የወጣሁት። ዓይንዎን አይቼ መውጣት ስላልቻልኩ እርስዎ የሌሉበትን ቀን ጠበቅሁ። ምክንያቱን አልጽፍልዎትም። ግድግዳው ቀጭን ነው፣ ሰምተዋል።

ኩሩቱ ደርሷል። ኡላን አንዱን ቀኑን ሙሉ በጉንጩ ይዞት ይዞራል፣ ሲተኛ ከአፉ የማወጣው እኔ ነኝ። ካልሲው ለቤጋይም ልክ ሆኗል። እግሯ ማደጉን በምን አወቁ?

«ይቺ ራይካን የምትሏት ማን ናት፣ የማን ልጅ ናት?» ብለው በቶክቶሽ በኩል ለጠየቁኝ፤ የታላስ ሰው ናት። ሁላችንም እትዬ ራይካን ነው የምንላት። ድምጿ እንደ ወንድ ጎርናና ነው፣ ቁልፍ በአንገቷ አንጠልጥላ ትዞራለች፣ በር ሲንኳኳ ሌላ ሰው አታስከፍትም። የእሷም ባል ይጠጣ ነበር። ቤቱ እንደኛ ላሉት ነው፤ ልጆቻቸውን ይዘው ለመጡት። ረቡዕ ረቡዕ ሻይ ይዘን ክብ እንቀመጣለን፣ የፈለገች ታወራለች፣ ያልፈለገች ትጠጣለች። ሕጉ አንድ ነው፤ እዚያ ክብ ውስጥ «ቻይው» የሚል ቃል አይነገርም። መጀመሪያ ስሰማው ሳቅሁ። ይህን ቃል ከወሰዱብኝ ምን ቀረኝና አወራለሁ አልኩ። አሁን ግን ትንሽ ትንሽ አወራለሁ።

ልጆቹም የራሳቸው ሰዓት አላቸው፣ አንዲት ወጣት ሴት ታጫውታቸዋለች፣ ታስላቸዋለች። ቤጋይም ቤታችንን ሳለች። ጭሱ፣ የፖም ዛፉ፣ እርስዎ በነጭ ሻሽዎ። ሁላችንም ውጭ ቆመናል። «ለምን ውጭ ሆንን?» አልኳት። «ውስጥ አባባ ተኝቷል፣ እንዳይነቃ ነው» አለችኝ። ይህን ስትል ድምጿን እንኳ ዝቅ አደረገች፣ እዚህ፣ ቢሽኬክ ሆና።

አንድ ደስ የሚል ወሬ ልንገርዎ። ቤጋይም ጫማዋን አውልቃ መተኛት ጀምራለች። ባለፈው ሳምንት ከአልጋው ሥር ጎን ለጎን አስተካክላ አስቀምጣቸው አየሁ። ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

አንድ የሚያሳፍር ነገርም አለ። እትዬ ራይካን ፖሊስ ጣቢያ ወስዳኝ ነበር። እዚህ ደጅ ድረስ ቢመጣ ፖሊስ የሚመልስበት ወረቀት እንዲጻፍልኝ ነው። ሰውየው «የመታሽ ማን ነው?» አለኝ። «የልጆቹ አባት።» «የልጆቹ አባት ስም?» «የቤጋይም አባት።» እስክሪብቶውን ጣል አደረገና «እኅቴ፣ እስከ ማታ እንዲሁ ስንዞር ልንውል ነው?» አለ። እማዬ፣ እርስዎ ያውቁኛል። ቤትዎ ከገባሁ ጀምሮ የምራት ወጉን ጠብቄ የእርስዎንም፣ የእሱንም፣ የአባቱንም ስም በአፌ አድርጌ አላውቅም። ምላሴ ጫፍ ላይ ሲደርስ እርስዎ በሩ ላይ ቆመው የሚያዩኝ መሰለኝ። ሳይጻፍልኝ ተመለስኩ። እትዬ ራይካን መንገድ ላይ «ስም ከሌለው ማንን ነው ከደጃችን የሚያባርሩልን?» አለችኝ፣ ከዚያ በኋላ ግን አልተቆጣችኝም።

ስለ ብርድ ልብሶቹ ያሉኝን አንብቤአለሁ። ቢሆንም ደግሜ እለምንዎታለሁ። ቧንቧው ሲፈልግ ነው የሚሞቀው፣ ኡላን ያስላል። የእናቴን ብርድ ልብስ ከራሴ እስከ እግሬ ብለብሰው እኔም እንቅልፍ የሚወስደኝ ይመስለኛል።

የት እንዳለን አይንገሩብኝ።

ልጅዎ ጃዝጉል


ከመንደር፣ ታኅሣሥ 15

ለጃዝጉል፤

ሰላምታሽ ደርሶኛል። ጉልበቴን ደግሞ እኔው ነኝ የማሸው፣ እጄ ገና አልከዳኝም።

እኔ ከዚያ ክብ መሃል ብቀመጥ ዲዳ ሆኜ ነው የምወጣው። «ቻይው» ካልተባለ ሴት ለሴት ምን ትላለች? እናቴ ያለችኝ እሱን ነው፣ እኔም ላንቺ ያልኩሽ እሱን ነው። ድንጋይ የሚከብደው በወደቀበት ነው፣ ሴትም ከገባችበት አትወጣም ብዬ ነበር የሙሽራ ሻሹን ያሰርኩልሽ። አሁን ያቺ ራይካንሽ ድንጋዩን ሁሉ አንስታ ከተማ ልታስገባ ነው። አትቆጪ፣ ቀልዴን ነው። ላገኛት ደስ ይለኛል። ድምፀ ጎርናና ሴት እወዳለሁ።

ባለፈው በላክሽው ብጣሽ ወረቀት ላይ «ጠርሙስ መደበቁን ይተዉ፣ እርስዎ ደፉለት አልደፉለት እሱ ካልፈለገ አያቆምም ትላለች» ያልሽውን አንብቤአለሁ። ለሷ ማለት ቀላል ነው። እኔ ዱቄት በርሜል ውስጥ እደብቃለሁ፣ ሲያገኘው ደግሞ ግማሹን ውኃ አድርጌበት ነው የሚያገኘው። በኅብረት እርሻው ዘመን ወተት እየቀመስኩ ውኃ የጨመረችውን ሴት ለይቼ የማሳፍር እኔ ነበርኩ። ዛሬ ውኃ ጨማሪዋ እኔ ሆኜ አረፍኩት። ምን ላድርግ ታዲያ፣ እያየሁ ዝም ልበል?

አሁን ደስ የሚልሽን ልንገርሽ። ሽማግሌዎቹ ባለፈው አርብ መጥተው ነበር። እሱ በፊታቸው ዳቦውን በሁለት እጁ ይዞ ማለ። «ከእንግዲህ ከጠጣሁ ይህ ዳቦ ይምታኝ» አለ። ዳቦ ይዞ ሲምል አይቼው አላውቅም ነበር። እኔም አለቀስኩ። መንገዱ ሲከፈት በግ ይዘው መጥተው ቁጣሽን አብርደው ሊመልሱሽ ነው። ለኖሩዝ እዚህ ትሆናላችሁ ማለት ነው፣ ኢንሻአላህ።

ስለዚህ ብርድ ልብሶቹን ምን ብዬ አሁን እልካለሁ? አውርጄ ልኬ፣ መልሼ ላስመጣ? ብል እንዳይበላቸው የደረቀ አሪቲ አድርጌባቸዋለሁ። አንድ ነገር ግን ሠርቻለሁ። ላይኛውን፣ ያን ቀዩን፣ ትናንት አወረድኩትና አሸተትኩት። የኡላን ራስ ይሸታል። መልሼ አስቀመጥኩት።

ቤቱ ዝም ብሏል ልጄ። ማንም አይሮጥበትም። የሻይ ማንኪያውን ሳጥብ ኡላን የነከሰው ምልክት አለበት፣ በሱ ነው የማማስለው። ቤጋይም ከትምህርት ቤት የምትመጣበት ሰዓት ሲደርስ መስኮቱ ጋ ሄጄ እቆማለሁ፣ ከዚያ ምን ልሠራ እንደመጣሁ ይጠፋኛል። የቡሩል እናት «ምን ታያለሽ?» ትለኛለች። «አየሩን» እላታለሁ።

ስለ ፖሊሱ ያልሽውን አነበብኩ። ስሙን ባለመጥራትሽ እንደ ምራት ኮራሁብሽ። ሌላ ነገርም ተሰማኝ፣ እሱን አልጽፈውም።

ዙራካን


ከመንደር፣ ጥር 20

ለጃዝጉል፤

በእኔ ፋንታ የሚጽፈው ቶክቶሽ ነው። ፊደሉ እንደ ዶሮ ጭረት ነው ብለሽ አትሳቂበት። (እማማ «እንዲህ ብለህ ጻፍ» ስላሉኝ ነው። ቶክቶሽ።)

ደጅ ላይ በረዶ አዳልጦኝ ቀኝ እጄ ትንሽ ተሰብሯል። ጄሶ አድርገውልኛል። በዚህ ዕድሜ አጥንት ቶሎ አይገጥምም አሉ፣ እኔ ደግሞ የሚያስቸኩለኝ የለም። የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል፣ ሁለቱም። አዎ፣ ከሰል ገዝተናል። አዎ፣ እበላለሁ። የዳቦውን መሐላ ጠብቋል ወይ ብለሽ ለጠየቅሽኝ፣ ጠብቋል።

ቤጋይም በደብዳቤሽ ጀርባ የሳለችልኝን ፈረስ ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ። አምስት እግር አለው፤ አንዱ ጭራ ነው ብላ ትከራከር ይሆናል። ኡላን ስምንት ቃል ተናገረ አልሽ፤ አንዱ «አያቴ» ነው? ካልሆነ አስተምሪው። እኔ የምፈልገው ለኖሩዝ ሲመጣ ስሜን እንዲያውቅ ነው።

ብርድ ልብሶቹ ገና አልወረዱም። በአንድ እጅ አይወርዱም ደግሞ።

ዙራካን

እኅቴ ጃዝጉል፣ ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው እኔ ቶክቶሽ ነኝ። እማማ ምድጃው ጋ ሄደዋል። «በረዶ አዳለጠኝ በል» አሉኝ፣ ብያለሁ፤ ሽማግሌ ያለኝን አልቀይርም። ግን ሐኪም ቤት የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ደጁ ተጠርጎ አመድ ተነስንሶበት ነበር፣ ራሳቸው ናቸው የጠረጉት። የተሰበሩት ቤት ውስጥ ነው፣ ዱቄት በርሜሉ አጠገብ። ጠርሙሱን ከልክለውት ነው። ይህን መጻፌን አያውቁም። መነጽራቸውም ያኔ ስለተሰበረ አሁን ቢያዩትም አያነቡትም። እኔ እሱን አንድ ነገር ላደርገው ሄጄ ነበር፣ እማማ በደኅናው እጃቸው ኮሌታዬን ይዘው መለሱኝ። አንቺ ምን እንደሚደረግ ታውቂ እንደሆን ጻፊ።


ከቢሽኬክ፣ የካቲት 2

ለእማዬ፤

እጅ ነሥቻለሁ። ይህን ቶክቶሽ ቀስ ብሎ ያንብብልዎት፣ አይዝለል። እሱን አይቆጡት። እሱ ባይነግረኝም በረዶ ነው ያሉትን አላምንም ነበር፤ በረዶ አዳልጦኛል እያልኩ ለጎረቤት ስንት ዓመት የተናገርኩት እኔ ነኝ። እርስዎም ከጎኔ ቆመው «አዎ፣ ደጁ መስታወት ሆኗል» ይሉልኝ ነበር።

ዳቦው እሱን አልመታውም እማዬ። እርስዎን ነው የመታው።

አሁን የማይጻፍ ነገር ልጽፍ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። ትናንት ከእትዬ ራይካን ጋር ፖሊስ ጣቢያ ተመልሼ ሄድኩ። ያው ሰውዬ ነው። «ዛሬስ ስም ይዘሽ መጣሽ?» አለኝ። ሜደር፣ አልኩት። ሜደር። የአባቱንም ስም ጨመርኩ። ምድር አልተሰነጠቀችም። ሰውየው ጻፈ፣ ከዚያ ውኃ ሰጠኝ። ስለ ተመታው ጎኔ ስጠየቅ ያልወጣልኝ ስም፣ የእርስዎን እጅ ሳስብ ወጣልኝ። ለምን እንዲህ እንደሆነ አላውቅም።

ሽማግሌዎቹ በግ ይዘው እንዳይመጡ ይንገሯቸው። ወደዚያ ቤት አልመለስም። ለኖሩዝም፣ ለሚመጣውም። ይህን ሳልጽፍልዎት ስንት ደብዳቤ እንደቀደድኩ አላህ ያውቃል፤ ክምሩን እያዩ እንደሚያድሩ ስለማውቅ ነው።

አሁን ልመናዬን ልንገርዎ። ይምጡ። ብርድ ልብሱን አይደለም፣ እርስዎን ነው የምለምነው። እትዬ ራይካንን ጠይቄአታለሁ። «ይህ ቤት ለሚስት ብቻ ነው ያለው ማን ነው? እናትም ትመታለች፣ ትምጣ» ብላኛለች። በሚመጣው ወር እኔና አንዲት ሴት አብረን ሁለት ክፍል ልንከራይ ነው፤ ስፌት ቤት ሥራ ይዤአለሁ። እዚያ ከምድጃው አጠገብ ያለውን ቦታ ማንም እንዳይተኛበት ብያለሁ። ጉልበትዎን እኔ አሻለሁ።

ልጅዎ ጃዝጉል


ከመንደር፣ የካቲት 14

ጃዝጉል፤

መነጽሬን በክር አስሬዋለሁ። በግራ እጄ ነው የምጽፈው፣ ስለዚህ አጭር ነው። ቶክቶሽን ሦስት ቀን ሻይ ከልክዬዋለሁ።

ስሙን የጻፍሽበትን ወረቀት ሳየው ዋልኩ። ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ከሱ በፊት ሁለት ቀብሬ ነበር። ምርኩዝ ይሁነኝ ብዬ ነው ሜደር ያልኩት። ፖሊስ ወረቀት ላይ ይውላል ብዬ አይደለም።

አልመጣም። ሚስት ትሄዳለች፣ እሺ፣ ሄድሽ። እናት ከልጇ ሸሽታ የት ትገባለች? ምድጃውን ማን ያነድድለታል? ሰክሮ ደጅ ቢወድቅ ማን ጎትቶ ያስገባዋል? በረዶ ላይ ተኝተው የቀሩትን ታውቂያቸዋለሽ፤ ባለፈው ክረምት የአሸንን ልጅ ስናነሳው አንቺም ነበርሽ። አንቺ እንድትኖሪ ሄድሽ፣ አልፈርድብሽም። እኔ ደግሞ እሱ እንዲኖር እቀመጣለሁ። ምሽት ላይ ከጠጣ በኋላ ጠዋት ምን እንደሚመስል አንቺም አይተሻል። እጄን አይቶ እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው።

ሽማግሌዎቹን እነግራቸዋለሁ። ክምሩ ግን ባለበት ይቆማል። ያንን እንኳ ተይልኝ።

ዙራካን


ከቢሽኬክ፣ የካቲት 28

ለእማዬ፤

እጅ ነሥቻለሁ። በጻፉልኝ ነገር አልከራከርዎትም። እናት አይደለሁም እንዴ፣ ይገባኛል።

የጻፍኩት ቤጋይም ስላስጨነቀችኝ ነው። ደብዳቤዎን ሳነብ ከጎኔ ነበረች፣ ፊቴን አይታ «አያቴ አመማት?» አለችኝ። «እጇ ተሰብሮ ነው፣ ይድናል» አልኳት። ማታ አልጋ ውስጥ ገብታ፣ ጫማዋን አውልቃ አስተካክላ ካስቀመጠች በኋላ፣ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። መልሱን ስላላወቅሁ እርስዎን እንደምጠይቅላት ነገርኳት። እስካሁን በየማታው «መልስ መጣ?» ትለኛለች።

«አያቴ ጫማዋን አድርጋ ነው የምትተኛው?» ነው ያለችኝ።

ልጅዎ ጃዝጉል


መጋቢት 11

ለልጄ ለጃዝጉል፤

ይህን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የጻፍኩት፣ እንደሁኔታው አንብቢው። እጄ ከጄሶ ወጥቷል፣ ገና ግን አልታዘዘኝም።

ለቤጋይም እንዲህ ብለሽ ንገሪያት። አዎ፣ አያትሽ ጫማዋን አድርጋ ነው የምትተኛው። ከአንቺ አስቀድማ ነው የጀመረችው፤ የአባትሽ አባት በሕይወት በነበረበት ዘመን። እሱም ይጠጣ ነበር። ይህን የምታውቀው የቡሩል እናት ብቻ ናት፣ ሮጬ የምገባው እነሱ ቤት ነበርና።

ለልጅቷ የማትነግሪያትን ደግሞ ለአንቺ ልንገርሽ። ጥያቄዋን ሳነብ ሌላ ጫማ ነው የታየኝ። ትንሽ፣ የጎማ፣ የቀኙ ጫፍ የተቀደደ። ሜደር የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ እሱን አድርጎ ነበር የሚተኛው። እኔ ነኝ የማስርለት። «አባትህ ሲገባ ከሰማህ በጓሮ ውጣ» እያልኩ ነበር የማስርለት። እሱም ሲያድግ የማይጠጣ ሰው ይሆናል ብዬ አስብ ነበር፤ ያየ ሰው ይማራል ብዬ። ልጄ፣ ያየ ሰው ያየውን ነው የሚማረው። ቤጋይም አሁን ጫማዋን አውልቃለች። ኡላን ደግሞ ጫማ አድርጎ መተኛትን ሳያውቅ ይደግ። ይህን ሳስብ አደርኩና ሲነጋ ክምሩን አወረድኩ።

ጠዋት ነበር፣ እሱ ገና አልጠጣም ነበር። ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ያየኛል። «ሜደር» አልኩት፣ «እሄዳለሁ።» የት ብሎ አልጠየቀኝም። «ከቆየሁ አንድ ቀን ትገድለኛለህ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ አንተም አትኖርም» አልኩት። በሕይወቴ ለሱ እንዲህ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። አርብ አርብ ወረዳው ጤና ጣቢያ መጠጥ ያቆሙ ሰዎች ይሰበሰባሉ፣ ራይካንሽ ለቶክቶሽ የነገረችውን ሁሉ ነገርኩት። ቶክቶሽ ሊያደርሰው ቃል ገብቷል፤ በራሱ እግር ወጥቶ ከተሳፈረ ነው እንጂ አይጎትተውም። የቤቱን ቁልፍ ለቡሩል እናት ሰጥቻለሁ። ጠዋት ጭስ ካላየች ከባሏ ጋር ገብታ ታያለች። ዱቄት በርሜሉን ገልብጬ አጠብኩት። ጠርሙስ ከፈለገ ከእንግዲህ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠው።

ብርድ ልብሶቹን አንድ በአንድ ወደ መኪናው ስወስድ ቁጭ ብሎ ያይ ነበር። መጨረሻ ላይ የታችኛው ቀረ፣ እናትሽ በሱፍ የሞላችው ከባዱ። በአንድ እጅ ስጎትተው ተነሳና ወሰደብኝ። ተሸክሞ ወጣ፣ መኪናው ጣራ ላይ አወጣው፣ ገመዱንም ራሱ አሰረው። ከዚያ ወደ ቤት ገባ። ወደ ኋላ አላየም። አለቀስሽ ወይ እንዳትዪኝ። ቶክቶሽ አለቀሱ ካለሽ ደግሞ እሱ ዓይኑ መንገድ ላይ ነበር፣ ምን ያውቃል።

ሳጥኑ ላይ አሁን ምንም የለም። የቤቱ ግድግዳ እዚያ ጋ ቀለሙ አዲስ ነው፤ ከተጋባችሁ ወዲህ ፀሐይ አልነካውም።

ከብርድ ልብሶቹ መሃል በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ታገኛላችሁ። ቀይና ጥቁር የሱፍ ምንጣፍ ነው፣ እኔ የሠራሁት። አላህ ሴት ልጅ ቢሰጠኝ ስትዳር እሰጣታለሁ ብዬ በወጣትነቴ የሠራሁት ነው። ሴት አልሰጠኝም፣ ስለዚህ ተጠቅልሎ ኖረ። ካሁን በኋላ ምራቴ አይደለሽም፤ የምራት ዕቃ አውርጄ ልኬአለሁና። ምንጣፉን የምሰጠው ለልጄ ነው፣ ለአንቺ። የኔንም ስም ጥሪው፣ የሱንም ጥሪው፣ በፖሊስም ፊት በማንም ፊት። ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ የፈቀድኩልሽም እኔ ነኝ።

ራይካንሽ ክብ ውስጥ ብታስቀምጠኝ ዝም ብዬ ሻይ እጠጣለሁ። ያንን ቃል አልልም። ካመለጠኝ አፌን ያዢልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምትቀበዪው ከቶክቶሽ እጅ ነው። ደጃችሁ ላይ ቆሞ ሲሰጥሽ መኪናውን እይው። ከኋላ መስኮቱን የሸፈነው ብርድ ልብስ ነው፤ ከብርድ ልብሱ አጠገብ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ፊትሽ ቆሜ በአፌ መናገር ስለማልችል ነው መጀመሪያ አንቺ አንብቢው ያልኩት። አንብበሽ ስትጨርሺ፣ ጫማዬን የማስቀምጥበት ቦታ ካለ፣ ቤጋይምን ልኪልኝና ታውርደኝ።

ዙራካን